ኪሊማንጃሮ በአምስት ቀን? ተይው እህቴ

መስቀል ካለፈ ወዲህ የምትልኩልኝ ጥያቄ ሁሉ ስለ ጉዞ ሆኗል። ዝናቡ ሲያባራና የጅማ ጭቃ ደረቅ ሲል የሰው ልብ ይሸፍታል መሰለኝ። ለዛሬ አራት ደብዳቤ መርጫለሁ። የመጀመሪያው ላይ ብዙ አወራለሁ፣ እኔም ራሴ የቀመስኩት ነገር ስለሆነ።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? የምኖረው እዚሁ ጅማ፣ ሄርማታ ነው። 34 ዓመቴ ነው፣ ባንክ ቤት እሠራለሁ። ታላቅ ወንድሜ ከስምንት ዓመት በኋላ ጥር ላይ ከውጭ ይመጣል። "የማንረሳው ነገር እናድርግ፣ ኪሊማንጃሮን ወጥተን አንበሳና ዝሆን አይተን እንመለስ" ብሎኛል። ወጪውም የእሱ ነው። ያለን ጊዜ ከነበረራው 10 ቀን ብቻ ነው። አንድ አስጎብኚ ድርጅት 5 ቀን ተራራ፣ 3 ቀን ሳፋሪ ብሎ ዋጋ ልኮልናል። እኔ ከጅሬን ዳገት ሌላ ወጥቼ አላውቅም። ይበቃል ይላሉ? ወይስ ሌላ ተራራ ይመክሩናል?

መልስ፦ እህቴ፣ ወንድምሽን እንዲህ ስላሰበልሽ አመስግኚልኝ። ኪሊማንጃሮ በአምስት ቀን የሚለውን ግን ተይው። ተራራው ምንም አላጠፋም። ቀኑ ነው የማይበቃው።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። በ5 ቀን የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ የማራንጉ መንገድ ነው፣ ጎጆ ውስጥ የሚታደርበት። የመጀመሪያው ሌሊት ማንዳራ ነው፣ 2,700 ሜትር አካባቢ። ሁለተኛው ሆሮምቦ፣ 3,720። ሦስተኛው ኪቦ፣ 4,700 ገደማ። ኪቦ ደርሰሽ ትንሽ ጋደም እንዳልሽ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ግድም ይቀሰቅሱሽና በባትሪ ብርሃን ወደ 5,895 ሜትር ጉዞ ይጀመራል። አሁን ሐኪሞች የሚሉትን አስቢ፦ ከ3,000 ሜትር በላይ የምትተኚበት ቦታ ከትናንቱ ከ500 ሜትር በላይ መብለጥ የለበትም፣ በየሦስት አራት ቀኑም አንድ ቀን እዚያው ማረፍ ያስፈልጋል። የተላከላችሁ ጉዞ ግን በየሌሊቱ አንድ ሺህ ሜትር ይጨምራል። ሰውነትሽ አየሩ መሳሳቱን ገና ሳይረዳ ጫፉ ላይ ያቆምሻል፤ እዚያ ደግሞ በአንድ ትንፋሽ የምትስቢው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚገኘው ግማሽ ያህሉ ነው።

ታዲያ ለምን ይሸጡታል? ዋጋው ስለሚያምር ነው። የኪሊማንጃሮ ፓርክ የሚያስከፍለው በቀን ነው፦ ለውጭ ዜጋ መግቢያው በቀን 70 ዶላር፣ ድንኳን ከሆነ ማደሪያው በሌሊት 50 ዶላር፣ በዚያ ላይ ታክስ። አንድ ቀን ሲቀነስ ዋጋው በደንብ ይወርዳል፣ ገዢም ይመጣል። ጎረቤት ነን ብለሽ ቅናሽ እንዳትጠብቂ፤ ቅናሹ ለምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል አገሮች ነው፣ እኛ ደግሞ አባል አይደለንም።

"እኛ ደገኞች አይደለን እንዴ" እንዳትዪኝ። ጅማ 1,750 ሜትር ገደማ ናት። አዲስ አበባ ትሻላለች፣ 2,300ን ታልፋለች፤ አራት ሺህ ሜትር ላይ ግን ሁለቱም ብዙ አያስጥሉም። ጉብዝናም አይረዳም። በየቀኑ የሚሮጠው ጎረምሳ ራሱን ይዞ ሲቀመጥ፣ ቀስ ብለው የሚራመዱ እናት አልፈውት ይሄዳሉ። እኛ እንቁላል በእግሩ የምንለውን እዚያ "ፖሌ ፖሌ" ይሉታል፣ ቀስ በል ማለት ነው። መሪዎቹ ቀኑን ሙሉ ይህንኑ ሲደጋግሙ ትሰሚያለሽ።

እኔ ከስድስት ዓመት በፊት ይህንኑ የ5 ቀን ጉዞ ገዝቼ ነበር። ስሙን የማልጠራው ድርጅት "ኢትዮጵያዊ ነህ፣ ከፍታ ለምደሃል" አለኝ። ደስም አለኝ፤ ሙገሳ ማን ይጠላል። ኪቦ ስደርስ የሾርባው ሽታ ብቻ አስመለሰኝ። ሌሊት እንደምንም ተነሥቼ ሀንስ ሜየር ዋሻ የሚባለው ጋ፣ 5,150 ሜትር አካባቢ፣ የጫማዬን ክር ማሰር ጠፋኝ። ክሩን ይዤ አየዋለሁ፣ ምን እንደሚደረግ አላውቅም። መሪያችን ፊቴን በባትሪ አየና ክርክር አልፈቀደም፣ ክንዴን ይዞ አወረደኝ። ሆሮምቦ ስንደርስ ራስ ምታቱ እንደሌለ ጠፋ፤ ሽሮ ቢኖር ድስቱን እጨርስ ነበር። የሚያናድደው የቀጠለው ነው። ሳፋሪው በማግስቱ ስለነበር፣ ንጎሮንጎሮ ላይ አንበሳ ከመኪናችን አምስት ሜትር ላይ ሲያዛጋ እኔ ከኋላ ወንበር አንኮራፋለሁ። ማንም አልቀሰቀሰኝም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ወይ ቀኑን ጨምሩ፣ ወይ ተራራውን ለውጡ።

ወንድምሽ 13 ወይም 14 ቀን ማግኘት ከቻለ ኪሊማንጃሮን በማቻሜ መንገድ በ7 ቀን፣ ወይም በሌሞሾ መንገድ በ8 ቀን ውጡ። ጎጆ የለም፣ ድንኳን ነው። ብርዱም ድንኳኑም ያስመርራል። ግን መንገዱ ብልሃት አለው፦ ቀን ላይ ላቫ ታወር የሚባለው ቋጥኝ ጋ፣ 4,600 ሜትር ድረስ ያወጣሽና ማታ ባራንኮ፣ 3,900 ሜትር ግድም አውርዶ ያስተኛሻል። ሰውነት የሚለምደው እንደዚህ ነው፣ ከፍ ብሎ ውሎ ዝቅ ብሎ በማደር። ማራንጉን ካልተውነው ካላችሁም ቢያንስ 6 ቀን አድርጉት፣ ሆሮምቦ ላይ ሁለት ሌሊት እንድታድሩ። ስትወርዱ ከተራራው ግርጌ ሞሺ ከተማ ላይ አንድ ቀን ሙሉ ተኙ፣ ታጠቡ፣ ብሉ። ከዚያ ሳፋሪ።

10 ቀኑ የማይነቃነቅ ከሆነ ግን እኔ የምመርጥላችሁ ሜሩን ነው። እዚያው ታንዛኒያ፣ አሩሻ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለ 4,566 ሜትር ተራራ ነው፣ ከእኛ ራስ ዳሽን (4,550) ጋር ትከሻ ለትከሻ። በ4 ቀን ይወጣል ይወረዳል፦ መጀመሪያ ሌሊት ሚሪያካምባ 2,500፣ ሁለተኛው ሳድል 3,570፣ በሦስተኛው ቀን ንጋት ላይ ጫፍ። መዝለሉ እዚህም አለ፣ ግን ከ3,600 በታች ስለሚታደር ጣጣው ያንሳል። እኔን የማረከኝ ደግሞ ሳፋሪው ከተራራው በር መጀመሩ ነው። ታችኛው ጫካ ቀጭኔና ጎሽ የሚውልበት ስለሆነ ጠመንጃ የያዘ የፓርኩ ጠባቂ አብሮሽ ይሄዳል። ቀጭኔን በመኪና መስኮት ማየትና በእግርሽ ቆመሽ ቀና ብለሽ ማየት አንድ አይደለም። ጫፉ ላይ ጎህ ሲቀድ ኪሊማንጃሮ ከፊት ለፊትሽ ከደመናው በላይ ብቅ ይላል። ፎቶው ላይም ወንድምሽ የሚፈልገው ተራራ ደምቆ ይወጣል፤ ኪሊማንጃሮ ጫፍ ላይ ቆሞ ከሆነማ ተራራው አይታይም። አንድ ነገር ልደብቅሽ አልፈልግም፦ የመጨረሻው ሸንተረር ጠባብ ነው፣ በአንድ በኩል ገደል። ገደል የሚያዞራችሁ ከሆነ አስቡበት።

ገደል ካልተመቻችሁ ኬንያ አለላችሁ። የኬንያ ተራራ ትልቁ ጫፍ ባቲያን 5,199 ሜትር ነው፣ ግን ገመድና የዐለት መውጣት ሙያ ይጠይቃል። እንደኔና እንዳንቺ ያለ ሰው የሚወጣው ሌናና የሚባለውን ነው፣ 4,985። በሲሪሞን ወጥታችሁ በቾጎሪያ ብትወርዱ፣ ቀኑንም 5 ብታደርጉት፣ በመልክ ከኪሊማንጃሮ የሚበልጥ መንገድ ነው ብዬ እከራከራለሁ። ሐይቁ፣ ገደሉ፣ ጅብራው! እኛ ሰሜንና ባሌ ላይ የምናውቀው ጅብራ የአጎት ልጅ እዚያም ይበቅላል። ከተራራው ግርጌ ናንዩኪ አጠገብ ኦል ፔጄታ አለ፤ በዓለም ላይ የቀሩት ሁለት የሰሜን ነጭ አውራሪሶች፣ እናትና ልጅ፣ የሚጠበቁት እዚያ ነው። በቪዛም በኩል ኬንያ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ትቀላለች። የታንዛኒያውን አስቀድመሽ ጨርሺ።

ስለ ርዌንዞሪ የሚያወራችሁ ሰው ካለ ለሌላ ዓመት አቆዩት። ኡጋንዳና ኮንጎ ድንበር ላይ ያለ፣ 5,109 ሜትር፣ በጣም ውብ። ግን ሳምንት ሙሉ በቦቲ ጫማ ጭቃ የሚቦካበት፣ ጫፉም በረዶ ላይ የሚወጣ ነው። ጅሬንን ብቻ ለወጣ ሰው አይሆንም።

ሳፋሪውን በሁሉም ምርጫ ከተራራው በኋላ አድርጉት። "ሳፋሪው መጀመሪያ ይሁን፣ ሰውነት ይለምዳል" የሚሉ አሉ። የሳፋሪው ሜዳ ሴሬንጌቲ አብዛኛው ከጅማ ዝቅ ያለ ነው፣ ምን ያስለምዳል? የንጎሮንጎሮ ጠርዝ 2,300 ሜትር ያህል ነው፣ እሱም አዲስ አበባ ማደር ማለት ነው። ይልቅ ጉልበት ሲያልቅ መኪና ላይ ተቀምጦ ዝሆን ማየት የመሰለ ዕረፍት የለም። ተራራው ላይ አንድ ቀን ቢበላሽባችሁም ከሳፋሪው ትቆርጣላችሁ፤ ከሳፋሪው የባከነ ቀን ግን ተራራውን ይጎዳል።

ጥር ላይ ስለሆነ አንድ ማታለያ ተጠንቀቁ። ዊልደቢስት የሚባለው የዱር እንስሳ፣ ያ ከሚሊዮን የሚበልጠው ትልቁ መንጋ፣ የማራን ወንዝ ሲሻገር አዞ የሚይዘው ትዕይንት ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ነው፣ በሴሬንጌቲ ሰሜን በኩል። ጥር ላይ ያንን እናሳያለን የሚል ይዋሻል። በጥርና በየካቲት መንጋው ደቡብ ንዱቱ አካባቢ ወርዶ ይወልዳል፣ ጥጃ በጥጃ ይሆናል፣ አቦሸማኔውም ጅቡም እዚያው ያደባል። አራት ቀን ካላችሁ ንዱቱንና ንጎሮንጎሮን እዩ። ሁለት ቀን ብቻ ከቀራችሁ ንጎሮንጎሮ ይብቃችሁ፤ 260 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ጎድጓዳ ሜዳ ውስጥ ዝሆን፣ አንበሳ፣ ጎሽ፣ ዕድል ከቀናም ጥቁር አውራሪስ ታገኛላችሁ። ሴሬንጌቲን በሁለት ቀን ደርሶ መልስ ማድረግ አቧራ መብላት ነው።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ድርጅቱን ጠይቁ። ኦክስጅን ይይዛሉ? በጣት ላይ የሚደረገውን የኦክስጅን መለኪያስ? ተሸካሚው ከ20 ኪሎ በላይ እንዳይሸከም ማን ይመዝናል? ጉርሻው በዋጋው ውስጥ ነው ወይስ ሌላ ነው? ሌላ ነው፣ እኔ ልንገርሽ፣ ቀላልም አይደለም። የጉዞ ኢንሹራንሳችሁ እስከ 6,000 ሜትር የሚሸፍን ይሁን፤ ብዙዎቹ ከተወሰነ ከፍታ በላይ አይሠሩም። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያዙ፣ ከተወጉ 10 ቀን ሳይሞላው አይጸናም። ፌስታል ደግሞ እዚሁ ጣሉ። ታንዛኒያ ከ2019 ወዲህ፣ ኬንያ ከ2017 ወዲህ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ፌስታል ከልክለዋል። የእናቴ ዳቦ ቆሎ በፌስታል ነበር፣ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ በኪሴ ገለበጥኩት።

ጥያቄ፦ የ61 ዓመት ጡረተኛ መምህር ነኝ፣ የምኖረው ፈረንጅ አራዳ። ደም ግፊት አለብኝ፣ በመድኃኒት ይዤዋለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ትልቅ ተራራ ላይ መቆም እመኛለሁ። አውሬም ባይ ደስ ይለኛል። ውጭ አገር አቅሜም ጉልበቴም አይፈቅድም። ምን ትለኛለህ?

መልስ፦ ጋሽዬ፣ ባሌ ይሂዱ። እርስዎ የሚፈልጉት ሁሉ እዚያ አለ፣ መኪናም ይገባል። ከጎባ የሚነሣው መንገድ ሰነቴ አምባ ላይ 4,000 ሜትር ድረስ ያወጣዎታል፣ ቱሉ ዲምቱ ጫፍም፣ 4,377 ሜትር፣ መኪና ይደርሳል። ከመኪና ወርደው የመጨረሻውን ትንሽ በእግርዎ ቢሄዱ ማንም "በመኪና ነው የወጣው" አይልዎትም።

አውሬውም እንደ ልብ ነው። ሰነቴ ላይ ቀይ ቀበሮ ፍልፈል ስታድን ያያሉ። በዓለም ላይ የቀሩት ከ500 አይበልጡም፣ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው ያለው። ዲንሾ አጠገብ ጋይሳይ ሜዳ ላይ የደጋ አጋዘን በጠዋት ይሰማራል፣ ከብት መስሎ። ከዚያ መንገዱ ወደ ሐረና ጫካ ይወርዳል፤ ብርዱ፣ አስታው፣ ቀርከሃው እያለ ጫካ ውስጥ በራሱ የበቀለ ቡና ጋ ያደርስዎታል። የጅማ ሰው እዚያ ሲደርስ "የእኛ ይበልጣል" ማለቱ አይቀርም። በ2016 ዓ.ም መስከረም ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ይህንኑ ፓርክ ነው።

ሁለት ነገር ግን አደራ። መጀመሪያ ሐኪምዎን ያማክሩ፤ 4,000 ሜትር ላይ ልብ ይደክማል፣ መድኃኒትዎም ይስተካከል እንደሆነ እሳቸው ይንገሩዎት። ሁለተኛ፣ ከጅማ ተነሥተው በማግስቱ ሰነቴ አይውጡ። ሮቤ ወይም ጎባ ሁለት ሌሊት ይደሩ። ቀን ሰነቴ ውለው ማታ ይውረዱ። በጥር ሌሊቱ ከዜሮ በታች ነው፣ ጋቢ ብቻ አይበቃም። በአውሮፕላን እስከ ሮቤ መሄድ ይቻላል። በመኪና በሶዶና በሀላባ በኩል ካለፉ ደግሞ ሻሸመኔ ሳይደርሱ አጄ አካባቢ ሰንቀሌ አለ፣ ቆርኬ የሚጠበቅበት። ጥቂት ሰዓት ይስጡት። የመንገዱን ሰላም ሳምንቱን ጠይቀው ይነሡ።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው ጋሽ? ከጊንጆ ነኝ። ጓደኞቼ ጫት ለከፍታ ጥሩ ነው፣ ድካም ያጠፋል ይላሉ። ይዤ ብሄድስ? ዳያሞክስ የሚባለውን ኪኒንስ ልውሰድ?

መልስ፦ ጓደኞችህ የሚሉት ለጓደኞችህ ይቅር። ጫት ልብ ያስመታል፣ ደም ግፊት ይጨምራል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ እንቅልፍ ይነሣል። ተራራ ላይ የሚያስፈልጉህ ሦስት ነገሮች መብላት፣ መተኛትና መጠጣት ናቸው፤ ሁለቱን ቀምቶህ ምን ሊሰጥህ ነው? ደግሞ ታንዛኒያ ውስጥ በሕግ የተከለከለ ነው፣ ሚሩንጊ ይሉታል። በሻንጣህ ቢገኝ የምታየው ተራራ ሌላ ይሆናል።

ቡናን ግን አትተው። እንደኛ በቀን ሦስቴ የለመደ ሰው ድንገት ቢያቆም ራሱን ያመዋል፣ ከዚያ "ከፍታው ያዘኝ" ብሎ ይደነግጣል። ዱቄቱን ይዘህ ሂድ።

ዳያሞክስ፣ በሌላ ስሙ አሴታዞላማይድ፣ ሰውነት ከፍታን ቶሎ እንዲለምድ ይረዳል። ሽንት ያበዛል፣ ጣት ያደነዝዛል፣ ይህ የተለመደ ነው። ለሰልፋ መድኃኒት አለርጂ ካለብህ ለሐኪሙ ሳትናገር አትዋጠው። ቀን የሚተካ አይምሰልህ። ሚዛንህን ስተህ እንደ ሰከረ ከተንገዳገድክ፣ ወይም ተቀምጠህም ትንፋሽ ካጠረህ፣ ኪኒን አይደለም መልሱ። መውረድ ነው፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወዲያው።

ጥያቄ፦ አራት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን። ብር የለንም፣ ጉጉት አለን። ከጅማ ቅርብ ተራራና ዝሆን አንድ ላይ ይገኛል?

መልስ፦ አራት ሺህ ሜትር በቅርብ የለም፣ ዝሆን ግን አለ። ጨበራ ጩርጩራ ብሔራዊ ፓርክ፣ ዳውሮና ኮንታ ላይ፣ በጭዳ መንገድ። ዝሆኑና ጎሹ ስም ያወጣ ነው፣ ጉማሬም አለ። ፓርኩ ውስጥ "የዝሆን ዳና" የሚባል ሎጅ ተሠርቷል፤ ለእናንተ ኪስ አይሆንም፣ ከተማ እደሩና በጠዋት ግቡ። ያለ ፓርኩ ጠባቂ በእግር አትንቀሳቀሱ፣ ሣሩ ከሰው ቁመት በላይ ነው፣ ዝሆኑ እናንተን ቀድሞ ያያችኋል። ሣሩ ከደረቀ በኋላ፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ሂዱ።

ለእግራችሁ ደግሞ ኦሞ ናዳ በኩል ያለውን ማይ ጉዶን ሞክሩት። ቅዳሜ ውጡ፣ እሁድ እንደገና ውጡ፣ ጀርባችሁ ላይ ስምንት ኪሎ ተሸክማችሁ። ሰኞ ጠዋት ደረጃ ስትወርዱ ጉልበታችሁ ካልተንቀጠቀጠ ጻፉልኝ፣ ስለ ባሌ የእግር መንገድ በሚቀጥለው እነግራችኋለሁ።